ሶፍትዌር ከመግዛት አስቀድሞ አሠራርን መወሰን

ንግድ በመዝገብ የሚመራ ሥራ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ዛሬ መዝገቡ ከደብተር ወጥቶ ወደ ኮምፒውተር ገብቷል። ግዥን፣ ሽያጭን፣ መጋዘንንና ሒሳብን በአንድነት አያይዞ የሚይዘው ሶፍትዌርም ለትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ ሳይሆን ለመካከለኛው ነጋዴ ጭምር እየቀረበ ነው። በዚህ ሥራ ስመ ጥር የሆነው የጀርመኑ ኤስ.ኤ.ፒ. በአውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. ከአይ.ቢ.ኤም. በወጡ አምስት ባለሙያዎች የተቋቋመ ነው።

የመሣሪያው ጥቅም የሚካድ አይደለም። ዕቃ ከመጋዘን በወጣ ጊዜ የዕቃው ቁጥር፣ የደንበኛው ዕዳና የድርጅቱ ሒሳብ ባንድነት ይስተካከላሉ። ነገር ግን ይህን ሶፍትዌር የሚገዛ ሰው አሠራርም አብሮ የሚገዛ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ዕቃ እንዴት እንደሚቆጠርና ዋጋው በምን እንደሚገመት ሠሪው በአብዛኛው አስቀድሞ ወስኖታል።

በምግብ ሸቀጥ ንግድ የታወቀው የጀርመኑ ሊድል፣ በዚያው አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የኤስ.ኤ.ፒ.ን ሶፍትዌር ለማስገባት ጀምሮ፣ ሰባት ዓመት ከደከመበት በኋላ በ2018 ዓ.ም. ሥራውን አቋረጠ። በጊዜው የወጡ ጋዜጦች ወጪውን ወደ 500 ሚሊዮን ዩሮ ገምተውታል። ከተጠቀሱትም ምክንያቶች አንዱ፣ ሊድል የመጋዘን ዕቃውን በተገዛበት ዋጋ የሚገምት ሲሆን ሶፍትዌሩ ግን በመሸጫ ዋጋ እንዲገምት የተሠራ መሆኑ ነው። ኩባንያው ልማዱን ለመተው ስላልፈለገ ሶፍትዌሩን መለወጥ ግድ ሆነ፤ በተለወጠም ቁጥር ወጪው በረከተ።

ጊዜን መምረጥም እንዲሁ የነጋዴው ፈንታ ነው። የአሜሪካው የቸኮላት ኩባንያ ኸርሺ በ1999 ዓ.ም. 112 ሚሊዮን ዶላር ያህል ያወጣበትን አዲስ ሥርዓት የበዓል ገበያ በተቃረበበት ወራት ሥራ ላይ አዋለ። ቸኮላቱ በመጋዘን ተከማችቶ ሳለ 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚያወጣ ትእዛዝ በጊዜው ሳይላክ ቀረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛም ነጋዴዎች ትምህርት አለው። ቡና በ17 ኪሎ ፈረሱላ ገዝቶ በ60 ኪሎ ጆንያ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ፣ ሶፍትዌሩ ሁለቱን መስፈሪያ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። አስመጪው ማጓጓዣው፣ ኢንሹራንሱና ቀረጡ በዕቃው ዋጋ ላይ እንዴት እንደሚደለደል አስቀድሞ ይወስን። ባለሱቁም ዱቤ ለማን፣ እስከ ስንት እንደሚሰጥ በጽሑፍ ያስፍር። ከዚያም የትኛውን ልማድ እንደሚተው፣ የትኛውን ፈጽሞ እንደማይለቅ ይለይ። ባለሱቁ በፋሲካ ዋዜማ፣ ቡና ላኪውም ቡናው በሚሰበሰብበት ወራት መዝገብ ባይለውጥ ይመረጣል።

ይህን ሁሉ ሻጩ የሚልከው አማካሪ ይወስንልናል የሚሉ አሉ። አማካሪው ግን ሥራውን ፈጽሞ ይሄዳል፤ ከመዝገቡ ጋር የሚኖረው ነጋዴው ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅምና፣ ውሉ ላይ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት የገዛ ቤቱን አሠራር ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል።