«በእምነት ለቀቅሁ» ስንል ዕዳውን ማን ይከፍላል?



በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ከፍ ያለ «አሜን» ከሚያሰሙ ምስክርነቶች አንዱ «ጌታ ሥራህን ልቀቅ አለኝ፤ ምንም ሳልይዝ በእምነት ለቀቅሁ» የሚለው ነው። ጉባኤው ያጨበጭባል፣ እልል ይላል። ከሁለት ወር በኋላ ግን ያው ወንድም የቤት ብድሩን ለመክፈል ሰው ቤት እየዞረ ይበደራል። ሚስቱ ለልጆች ትምህርት ብላ የጣለችው እቁብ ሲወጣላት ለባንክ ታስረክባለች። ዋስ የሆነለት ባልደረባው እጅ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርሳል። ስለዚህኛው ክፍል መድረክ ላይ ወጥቶ የሚመሰክር የለም። እልልታውም ያን ጊዜ አይሰማም።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። እግዚአብሔር ልጆቹን ከሥራ ሊያስወጣ ይችላል፤ አስወጥቶም ያውቃል። የምቃወመው መውጣትን ሳይሆን፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ዕዳን መቁጠርን አለማመን፣ ዓይን ጨፍኖ መዝለልን ደግሞ መንፈሳዊነት የሚያደርገውን ትምህርት ነው። ይህ ትምህርት በመጽሐፍ ቅዱስ መሠረት የለውም፤ ቤተሰብም እየጎዳ ነው።

የማንን ድካም ነው የምናወራው?

ዛሬም አንዳንዶቻችን አሰበ ተፈሪ በምንላት በጭሮ፣ በገለምሶ፣ በበዴሳና በሂርና የወር ደመወዝ የሚያገኝ አማኝ አብዛኛውን ጊዜ አስተማሪ፣ የጤና ባለሙያ፣ የመንግሥት ቢሮ ሠራተኛ ወይም የባንክ ሠራተኛ ነው። የባንኩን ሠራተኛ እንውሰድ። የተቀማጭ ገንዘብ ዕቅድ ከላይ ይወርድለታል። ግማሹን ቀን መስኮት ላይ ያስተናግዳል፣ በቀረው ሰዓት ከነጋዴ ነጋዴ እየዞረ «ገንዘባችሁን እኛ ጋ አስቀምጡ» እያለ ደጅ ይጠናል። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ብር ቢጎድልበት ከኪሱ ይሞላል። ነገ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወርክ ከተባለ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ይሄዳል። እንቅልፍ ያጣል፣ ከቤት ለቤት ኅብረት ይቀራል፣ እሑድ እንኳ ልቡ ቢሮ ነው። ይህ ድካም የሰነፍ ሰበብ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው «ታገሥ፣ ሁሉም ይሠራል» ብሎ ማለፍ ፍቅር አይደለም።

ታዲያ ለምን አይለቅም? ቤቱ ይዞታል። ባንኮቻችን ለቋሚ ሠራተኞቻቸው ከገበያው በእጅጉ ባነሰ ወለድ የቤት ብድር የመስጠት ልማድ አላቸው። ይህ ጥቅም ግን ከሥራው ጋር የታሰረ ነው። ዝርዝሩ እንደየባንኩ ውል ቢለያይም፣ ሠራተኛው ሲለቅ ወለዱ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ከፍ ይልበታል፤ ወይም ቀሪውን ዕዳ እንዲከፍል ይጠየቃል።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል ቀሪ ዕዳው 1,000,000 ብር፣ የቀረው ጊዜ 15 ዓመት ነው እንበል። በ7 በመቶ ወለድ በየወሩ ወደ 8,990 ብር ይከፍላል። ያው ዕዳ በ16 በመቶ ሲሰላ ወርኃዊ ክፍያው ወደ 14,690 ብር ይደርሳል። ልዩነቱ በወር 5,700 ብር ገደማ ነው። ደመወዙ በቆመበት ወር ክፍያው ጨመረ ማለት ነው! ይህን ቁጥር ሳያይ የመልቀቂያ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ምን ላይ እየፈረመ እንደሆነ አላወቀም።

የባንክ ብድር የሌለባት አስተማሪም ነጻ አይደለችም። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ቦታ የያዘ ሰው ግንባታ የሚጀምርበትና የሚያጠናቅቅበት የጊዜ ገደብ አለበት፤ የሊዙም ክፍያ በየዓመቱ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ለቆርቆሮና ለብረት ብላ ያስቀመጠችው ብር ያኔ ይገዛ የነበረውን አይገዛም። ደመወዟ ሲቆም መሠረቱ ላይ የቆመው ቤትም አብሮ ይቆማል።

«ጴጥሮስስ መረቡን ጥሎ አልሄደም ወይ?»

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፤ ስለዚህ ወንጌሉን ቀረብ ብለን እናንብብ። ማርቆስ ምዕራፍ 1 ላይ የዘብዴዎስ ልጆች ኢየሱስን ሲከተሉ አባታቸው በጀልባው ውስጥ ከሞያተኞች ጋር እንደቀረ ይነግረናል። ሥራው የሚሠራው ሰው ነበረው። ትንሽ ወረድ ስንል የስምዖን ቤት እዚያው ቆሞ እናገኘዋለን፤ ጌታ የአማቱን ንዳድ የፈወሰው በዚያ ቤት ነው። ጴጥሮስ መረቡን ተወ፤ አበዳሪ ቤቱን እንደወሰደበት ግን የተጻፈ ነገር የለም። አብርሃምም ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ወጣ፤ ያም ሆኖ ዘፍጥረት 12 ሚስቱን፣ የወንድሙን ልጅና ያፈሩትን ሀብት ሁሉ ይዞ እንደወጣ ይመዘግባል።

ከሥራ ስለመውጣት መማር ከፈለግን ግን ነህምያን እናንብብ። ነህምያ የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነበር። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን በካሴሉ ወር ሰማ፤ ለንጉሡ የተናገረው በኒሳን ወር ነው። በመካከሉ አራት ወር ያህል ጾመ፣ ጸለየ፣ ሥራውንም አልተወም። ንጉሡ መቼ ትመለሳለህ ብሎ ሲጠይቀው የተቆረጠ ጊዜ ነገረው። መንገድ የሚያሳልፈው ደብዳቤ ለመነ። ከዚያም ከንጉሡ ደን እንጨት እንዲሰጠው ጠየቀ፤ ለቤተ መቅደሱ ግንብ በሮች፣ ለከተማው ቅጥር፣ እርሱ ራሱ ለሚገባበትም ቤት! የምናከብረው የእምነት ሰው የራሱን ቤት እንጨት ሳይቀር አስቦ ነበር የወጣው። ዛሬ በአንዳንድ መድረኮቻችን ቢቆም «ይህ ሁሉ ዝርዝር ለምን? እምነትህ የት አለ?» ሳንለው እንቀር ይሆን?

ጌታም በሉቃስ 14 ግንብ ለመሥራት አስቦ መጀመሪያ ተቀምጦ ወጪውን ስለሚያሰላ ሰው ተናግሯል። ምሳሌው ስለ ደቀ መዝሙርነት ዋጋ እንደሆነ አውቃለሁ። ክርክሬን የሚያጠናክረውም ይኸው ነው። ጌታ እኔን ለመከተል እንኳ ቁጠሩ ካለ፣ የባንክ ውል ለማፍረስ አትቁጠሩ የሚለን ማን ነው?

ቤቱም ጌታ አይደለም

ወደ ሌላው ስህተት ደግሞ እንምጣ። «ቤቱ እስኪያልቅ ቻለው» የሚሉ ወላጆችና ሽማግሌዎች አሉ። ጭንቀቱ ደም ግፊት ሆኖ፣ ልጆቹ አባታቸውን ተኝተው ብቻ እያዩ፣ «ዋናው ቤቱ ነው» ይባላል። ፈርዖን እስራኤልን ገለባ ከልክሎ የጡቡን ቁጥር ግን ሳይቀንስ ሲያስገብር፣ እግዚአብሔር «ጡቡ ይለቅ» አላለም፤ ሕዝቡን አወጣ። ለ15 ዓመት የሚከፈል ዕዳ የሰውን ነፍስ እንዲገዛ አልተፈቀደለትም።

ስለዚህ ቆጥረን ስንጨርስ መልሱ «ቤቱን ሸጦ ዕዳውን ከፍሎ መከራየት» ሊሆን ይችላል። ይህ ውድቀት አይደለም። ራሱን የሚያስጠጋበት ያልነበረው ጌታ ተከታዮች በኪራይ ቤት ስለምንኖር ልናፍር አይገባንም። በ2ኛ ነገሥት 4 ኤልሳዕ ለመበለቲቱ የሰጣትን ቅደም ተከተል ልብ በሉ፤ ዘይቱን ትሸጣለች፣ ዕዳዋን ትከፍላለች፣ በቀረው ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። ተአምሩ እንኳ መጀመሪያ የሄደው ወደ አበዳሪው ነው።

ሥራው ሐሰት ጻፍ፣ ያልሆነውን ሪፖርት አድርግ፣ ጉቦ ተቀበል የሚል ከሆነስ? ያን ጊዜ ቁጥሩ ባይሞላም መውጣት ግዴታ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜም እንቆጥራለን፤ የምንቆጥረው ለመወሰን ሳይሆን የመታዘዛችን ዋጋ ስንት እንደሆነ አውቀን ኑሯችንን ለማሳነስ፣ ቤተ ክርስቲያንም የምትሸከመውን እንድታውቅ ነው።

ከመልቀቂያው ደብዳቤ በፊት

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር አንድ ምሽት ተቀመጡ፤ ጸልዩ፤ ከዚያም እነዚህን አምስት ነገሮች ጻፉ።

1. የብድር ውሉ። ሥራ ስለቅ ወለዱ ስንት ይሆናል? ቀሪው ዕዳ ይጠየቃል? በጽሑፍ ጠይቁ፤ ለቤተሰብ የተወሰደ ዕዳ የሁለታችሁም ነውና ሁለታችሁም አንብቡት።

2. ዋስትናና እቁብ። ለማን ዋስ ሆኛለሁ? ለእኔስ ማን ዋስ ሆኗል? እቁቡ ቀድሞ ወጥቶልን ከሆነ የቀረብን ስንት ዙር ነው? ምሳሌ ደጋግሞ ስለ ዋስትና የሚያስጠነቅቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

3. የወር ወጪ። ጤፍና ማሽላ፣ ዘይት፣ ትምህርት ቤት፣ መድኃኒት፣ ለእናትና አባት የሚላከው። ድምሩን በስድስት አባዙ። በእጃችሁ ያለው ከዚያ ካነሰ ስንት ወር ብትቆዩ ሊሞላ እንደሚችል አስሉ። «በመጋቢት እለቃለሁ» ብሎ ቀን መቁረጥ ራሱ የደከመን ልብ ያሳርፋል፤ መጨረሻው የታወቀ ሸክም ይቀላል።

4. በሕግ የሚገባችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ሠራተኛ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስታወቂያ ሰጥቶ ይለቃል፤ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል። በየወሩ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ሲገባ የኖረው የጡረታ መዋጮ በስማችሁ መመዝገቡን አረጋግጡ። ርክክቡን በሰነድ ጨርሱ፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ያዙ። ተናድዶ በር ዘግቶ የወጣ ሰው እነዚህን ሁሉ ጥሎ ይወጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

5. ቀጣዩ ገቢ። እዚህ የሐረርጌ ሰው ራሱን አያታልል። በከተሞቻችን ፈጥኖ የሚዞረው ገንዘብ የጫት ገንዘብ ነው። እኛ ሕሊናችን ስለማይፈቅድ ጫት አንነግድም እንላለን፤ ነገር ግን ሱቅ ብንከፍት፣ ባጃጅ ብንገዛ፣ ምግብ ቤት ብንጀምር ገዢያችን ከጫትና ከቡና የተገኘ ብር ይዞ የሚመጣ ነው። የጫት ዋጋ ሲወድቅ ሱቁም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አዲሱን ሥራ በደህናው ወር ገቢ ሳይሆን በክፉው ወር ገቢ አስሉት። ከተቻለም ደመወዙ ሳይቆም በትንሹ ሞክሩት።

ለመጋቢዎችና ለሽማግሌዎች

የተከበራችሁ የጌታ አገልጋዮች፣ ይህ ክፍል ለእናንተ ነው። «ልቀቅ ይላል ጌታ» ብሎ በሰው ኑሮ ላይ የተናገረ ሰው የብድሩ ቀን ሲደርስ አብሮ ሊቆም ይገባዋል። ካልቆመ ቀድሞውኑ አይናገር። አንድ ወንድም «ልለቅ ነው» ብሎ ለጸሎት ሲመጣ እጅ ከመጫናችሁ በፊት ሚስቱ መስማማቷን ጠይቁ። አብራችሁት ወረቀቱን ተመልከቱ። በጉባኤው ውስጥ ሒሳብ የሚያውቅና ሕግ የሚያውቅ አማኝ አለ፤ እርሱንም ጥሩ፤ ይህም ጸጋ ነው።

አንድ ተጨማሪ ልመና አለኝ። ሥራ የለቀቀ ሰው የመጨረሻ ደመወዙንና የፈቃድ ክፍያውን «ዘር ነው» ብሎ ሲያመጣ አንቀበለው። ወላጆችን ከመርዳት ለማምለጥ ገንዘባቸውን ቁርባን ነው ይሉ የነበሩትን ጌታ በማርቆስ 7 ገሥጿቸዋል። የልጆቹን እንጀራ መሠዊያ ላይ የሚያኖርን አባት «እምነትህ ታላቅ ነው» ብለን ካሰናበትነው ተግሣጹ ወደ እኛም ይዞራል። ያን ብር ለልጆቹ እንመልስለት፤ ይልቁንም ከመባው ላይ ለሦስት ወር የቤት ኪራይ እንጨምርለት። ለመውጣቱ «አሜን» ያለ ጉባኤ ለመኖሩም «አሜን» ይበል።

በምዕራብ ሐረርጌ አብዛኞቹ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው። አብረን እቁብ እንጥላለን፣ አብረን እድር እንቀመጣለን፣ ከሱቃቸው በዱቤ እንወስዳለን። ስብከታችንን ላይሰሙ ይችላሉ፤ የዱቤ መዝገባቸውን ግን ያነባሉ። «በእምነት ወጣሁ» ያለው ጎረቤታቸው ዱቤውን ሳይከፍል ሰፈር ሲቀይር ስለ ጌታችን የሚያወሩት ምን እንደሆነ አስቡት። ቆጥሮ፣ ተሰናብቶ፣ ዕዳውን እስከ መጨረሻው ዙር ከፍሎ የወጣ ሰው ግን ያለ ማይክሮፎን ይመሰክራል።

ዛሬ በጭንቀት ላይ ላለህ ወንድም፣ ላለሽ እህት፦ እግዚአብሔር ድካማችሁን ያያል። በሩንም ይከፍታል። እስኪከፍት ድረስ መቁጠር ከእርሱ መሸሽ አይደለም፤ የጠጉራችንን ቁጥር እንኳ የሚያውቅ አምላክ ፊት የብድር ወረቀት ዘርግቶ መጸለይ አያሳፍርም።

ጌታ ሆይ፣ ለመውጣት ድፍረት፣ ለመቆየት ትዕግሥት፣ ሁለቱን ለመለየት ማስተዋል ስጠን። ቤተ ክርስቲያንህንም ሸክም የምትካፈል አድርጋት። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።