በሰው ገንዘብ እንዳናፈጥር

የረመዳን ገበያ ጥድፊያ ይበዛበታል። ከአስር ሶላት በኋላ ሱቁ ሁሉ ይጨናነቃል። ተምር የሚያስመዝነው፣ ለሾርባ የጎደለውን የሚፈልገው፣ መግሪብ ሳይደርስ ቤቱ ለመግባት የሚቻኮለው ብዙ ነው። ሻጩም ገዢውም ደክሟቸዋል። እንዲህ ባለው ሰዓት ሒሳብ ይሳሳታል፤ መልስም ይበዛል ወይም ያንሳል።

እንበል አንዲት እናት ለወሩ ብላ የገዛችው የጁስ መፍጫ አልሠራ ብሏት ወደ ገዛችበት መደብር መለሰችው። ገንዘብ ተቀባይዋም 4 ሺህ 500 ብሯን ቆጥራ በእጇ ሰጠቻት። እናት ማታ ከተራዊህ ተመልሳ ስልኳን ስታይ ግን ያው 4 ሺህ 500 ብር በባንክ ሒሳቧም ገብቷል። አንድ ጊዜ የከፈለችው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ተመለሰላት ማለት ነው። ከመደብሩ የደወለ የለም። ስህተቱን ያየም የለም። ቤት ውስጥ ደግሞ የዒድ ልብስ የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ምን ታድርግ?

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። እኛ ግን ከረመዳን ዋና ዋና ጥያቄዎች አንዱ ነው እንላለን። ጾም ከሌሎች ኢባዳዎች የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ ሰው አያየውም። ጓዳ ገብቶ ውሃ ጠጥቶ፣ ከንፈርን ጠርጎ፣ ከጾመኞች ጋር ለኢፍጣር መቀመጥ ይቻላል። ይህን የማናደርገው ሰው ባያየንም አላህ ስለሚያየን ነው። የሰባት ዓመት ልጃችን እንኳ ለመጾም ሲሞክር ይህን ያውቃል። እንግዲህ ማንም ሳያየን የራሳችንን ውሃ ያልጠጣን ሰዎች፣ ማንም ሳያየን የሌላ ሰው ገንዘብ የምንበላ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ምን ተማርን?

የቁርኣን አንቀጾች ቅደም ተከተልም ይህንኑ ያስታውሰናል። በሱረቱል በቀራህ ጾም ግዴታ መሆኑ የተነገረው በ183ኛው አንቀጽ ነው። የጾም ድንጋጌዎች እስከ 187ኛው አንቀጽ ይዘልቃሉ። ወዲያው የሚከተለው 188ኛው አንቀጽ አንዳችን የሌላችንን ገንዘብ ያላግባብ እንዳንበላ ይከለክላል። ቀን ከሐላሉ የተከለከለ ሆድ ቀንም ሌሊትም ከሐራሙ መከልከል እንዳለበት ከዚህ በላይ ቅርብ ማሳሰቢያ አንፈልግም።

ገንዘቡን ለማስቀረት የሚቀርቡ ምክንያቶች በየቤቱ የታወቁ ናቸው። አንደኛው “አላህ የሰጠኝ ሪዝቅ ነው” የሚለው ነው። ሪዝቅ ከአላህ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ እጃችን የገባ ሁሉ የእኛ ነው ማለት አይደለም። ባለቤቱ የታወቀ ገንዘብ እጃችን ላይ አማና ነው። አማናን ለባለቤቱ እንድንመልስ ደግሞ በሱረቱ ኒሳእ 58ኛው አንቀጽ ታዘናል። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ወድቆ ለተገኘ ገንዘብ እንኳ ባለቤቱ እስኪገኝ አንድ ዓመት እንዲነገርለት አስተምረዋል። ባለቤቱ ላልታወቀው ይህን ያህል ከተጠበቀለት፣ የመደብሩ ስም ደረሰኙ ላይ ተጽፎ እያለ ምን ሰበብ ይኖረናል?

ሁለተኛው “መደብሩ ሀብታም ነው፣ አይጎዳም” የሚለው ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጉድለቱ የሚገኘው በማን ስም ነው? በብዙ ቦታ ከሳጥን የጎደለ ገንዘብ የሚቆረጠው ከገንዘብ ተቀባይዋ ደመወዝ ነው። እሷም እንደ እኛ ጾማ የዋለች፣ የቤት ኪራይ የሚጠብቃት ሰው ናት። የእኛ ልጆች የዒድ ልብስ የእሷን ልጆች ዳቦ ሊያጎድል ይችላል። ጉዳቱ ባለሀብቱ ላይ ቢያርፍም ፍርዱ አይለወጥም፤ የሀብታምም ሐቅ ሐቅ ነው።

ሦስተኛው “እነሱም በዋጋ ይዘርፉናል፣ እኩል ሆነናል” የሚለው ነው። ለዚህ የሂጅራን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። የመካ ቁረይሾች ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለመግደል እየዶለቱ እንኳ ንብረታቸውን ያስቀምጡ የነበረው እርሳቸው ዘንድ ነበር፤ “አል-አሚን”፣ ታማኙ፣ ይሏቸው ነበርና። በ622 እ.ኤ.አ. ወደ መዲና ሲሰደዱ ያንን ንብረት ይዘው አልሄዱም። ዓሊን (ረ.ዐ) መካ አስቀርተው ለየባለቤቱ እንዲመልስ አደረጉ። ባልደረቦቻቸው ቤትና ንብረታቸውን ጥለው በተሰደዱበት ጊዜ “ተካክሰናል” አላሉም። በዋጋ የበደለን ነጋዴ ካለ በግልጽ እንጠይቀው፤ ካልሆነም ለሚመለከተው አካል እናመልክት። በስህተት የመጣን ገንዘብ ግን የፍርድ ማስፈጸሚያ ልናደርገው አንችልም።

አራተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚያዘናጋው ነው፤ “ለሚስኪን አፈጥርበታለሁ፣ ለመስጂድ እሰጠዋለሁ” ይላል። ሶደቃ የራስን መስጠት ነው። አላህ ንጹህ መሆኑን፣ የሚቀበለውም ንጹህን ብቻ መሆኑን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ባለቤቱ እያለ በገንዘቡ ምጽዋት መስጠት በሰው በሬ እንደ ማረስ ነው። በምጽዋት መገላገል የሚመጣው ባለቤቱን ማግኘት ሲያቅት ነው። ኢማም አቡ ሐኒፋ ኩፋ ውስጥ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ባልደረባቸው እንከን ያለበትን ልብስ እንከኑን ሳይናገር ረስቶ እንደ ሸጠው፣ ገዢውም ማን እንደ ሆነ እንዳልታወቀ ሲሰሙ የሽያጩን ገንዘብ በሙሉ ምጽዋት እንዳደረጉት ይነገራል። ገዢው ቢታወቅ ኖሮ መንገዱ ወደ እርሱ መሄድ ነበር። ይህ ታሪክ ለነጋዴዎቻችንም ነው። ደንበኛ በስህተት አብልጦ ከከፈለ፣ ነገ ሲመጣ የሚጠብቀው ገንዘቡ እንጂ ዝምታችን መሆን የለበትም።

አገራችን ይህን ፈተና በትልቁ አይታዋለች። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም፣ በረመዳን የመጀመሪያ ሳምንት፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። በየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ያላግባብ የወጣው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ባንኩ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ብዙዎች ገንዘቡን መለሱ። ባንኩ ያልመለሱትን ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይፋ እስከ ማውጣት ደረሰ። ያኔ “ሁሉም እየወሰደ ነው” የሚለው ቃል ለብዙ ወጣት ፈቃድ መስሎት ነበር። የማሽን ስህተት ግን ማንንም ባለቤት አላደረገም።

ሕጉም ቢሆን ያው ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2164 የማይገባውን ክፍያ የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ እንደሚችል ይደነግጋል። ሆኖም ባንክ መዝገብ አለው፣ ፖሊስ አለው። የእናታችንን 4 ሺህ 500 ብር ግን ምናልባት ማንም አይጠይቃት ይሆናል። ሕግ የማይደርስበት ቦታ ላይ ተቅዋ ሊኖረን ይገባል፤ የጾም ዓላማም በዚያው በ183ኛው አንቀጽ እንደ ተነገረው ተቅዋን ማግኘት ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ገንዘቡን ከራሳችን ሒሳብ ለይተን ሳንነካው እናስቀምጥ። በማግስቱ ደረሰኙንና የባንኩን መልእክት ይዘን ወደ መደብሩ እንሂድ ወይም እንደውል። ስንመልስ በሒሳብ ተመዝግቦ የገንዘብ ተቀባይዋ ጉድለት እንዲሰረዝላት እንጠይቅ። አለበለዚያ እኛ መልሰን እሷ በዕዳ ልትቀር ትችላለች። “ይቅር፣ ያንተ ይሁን” ከተባልን ቃሉ መምጣት ያለበት ከባለቤቱ ወይም ከተወከለው ሰው ነው። ሳናውቅ አጥፍተነው ከሆነ ዕዳ ነውና እንደ ዕዳ ቀስ በቀስ የምንከፍልበትን መንገድ እንነጋገር። መደብሩ ተዘግቶ ባለቤቱም ወራሾቹም ከብርቱ ፍለጋ በኋላ ከጠፉ፣ ያኔ በባለቤቱ ስም ምጽዋት እናድርገው። ከራሳችን ዘካ ግን አንቆጥረው። ነገሩ ከተወሳሰበብን የመስጂዳችንን ኢማም ወይም የምናምነውን ዓሊም እንጠይቅ።

ወላጆች አንድ ነገር ይጨምሩ። ገንዘቡን ለመመለስ ሲሄዱ ልጅ ይዘው ይሂዱ። ስለ አማና በኢፍጣር ማዕድ ላይ የምንነግረውን ልጁ ሊረሳው ይችላል። አባቱ ወይም እናቱ ሳይጠየቁ ብር ቆጥረው ሲመልሱ ያየ ልጅ ግን አይረሳውም። በአንጻሩ “ዝም በል፣ ለማንም እንዳትናገር” የተባለ ልጅ በዚያች ምሽት የተማረው ስለ ጾም ሳይሆን ስለ ስርቆት ነው።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እውነተኛው ከሳሪ ማን እንደ ሆነ ባልደረቦቻቸውን ጠይቀው ነበር። እርሳቸው የገለጹት ከሳሪ የቂያማ ዕለት ሶላቱን፣ ጾሙንና ዘካውን ይዞ የሚመጣ፣ ግን የሰው ሐቅ ያለበትና መልካም ሥራው ለባለ ሐቆች የሚከፋፈልበት ሰው ነው። በመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ምሕረት ለመለመን እጃችንን የምንዘረጋ ሁሉ፣ የሰውን ሐቅ የነካ ተውባ ሐቁ ሳይመለስ እንደማይሟላ እናስታውስ።

ዘካተል ፊጥርን ከዒድ ሶላት በፊት እንደምናወጣ ሁሉ፣ በዚህ ዓመት የሰው ገንዘብም ቤታችን ውስጥ ሳይውል ሳያድር ለባለቤቱ ይድረስ። ያቺ እናትም ነገ ጠዋት ወደ መደብሩ ሄዳ ትመልስ። የልጆቿ የዒድ ልብስ ዘንድሮ ያለፈው ዓመት ቢሆን እንኳ ሐላል ነው። አላህ ጾማችንን ይቀበለን።