የአሜሪካ ቤተ ሰብና መንግሥቱ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል

በዚህ ገጽ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ባልና ሚስት መከባበር ዘወትር እንጽፋለን። የዛሬው ነገራችን ግን ከቤት ደጃፍ ጥቂት ራቅ ያለ ይመስል ይሆናል። የምንናገረው የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ሕዝብ ከ1918 እስከ 1939 በነበሩት ዓመታት ስላየው ለውጥ ነውና። ሆኖም ነገሩን እስከ መጨረሻው ለተከታተለ ሰው፥ የለውጡ ሥር ከየቤቱ ምድጃ አጠገብ መሆኑ ይገለጥለታል። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍናቸው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት አብዛኛው የአሜሪካ ሰው ይኖርበት የነበረው ደንብ፥ «እያንዳንዱ ቤት ራሱን ይቻል» የሚል ነበር። ያረጀ አባት በልጁ ቤት ይጦራል፤ ባሏ የሞተባትን ሴት ዘመድ ይረዳታል፤ ዘመድ የሌለው ደግሞ ወደ ምጽዋት ወይም ወደ ድኾች ማደሪያ ይሄዳል። አንዳንድ ግዛቶች ልጆች ላሏቸው ባልቴቶች ጥቂት ርዳታ ቢሰጡም፥ በጠቅላላው የሰውን ጓዳ መመልከት የማዕከላዊው መንግሥት ሥራ አይደለም ይባል ነበር። ይህ ደንብ ሰውን ለሥራ የሚያተጋና ለቁጠባ የሚያስለምድ ስለ ሆነ፥ መልካምነት አልነበረበትም አንልም። ጕድለቱ የታወቀው መከራ ሁሉን ቤት ባንድ ጊዜ በመታ ጊዜ ነው።

ወደዚያ ከመድረሳችን አስቀድሞ ግን በ1920 የሆነውን እንናገር። ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚሰጠው 19ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንዲጸና የ36 ግዛቶች ስምምነት ያስፈልግ ነበር። 35ቱ ስለ ተስማሙ የቀረው አንድ ብቻ ነበረ። በኦገስት ወር ነገሩ ወደ ቴነሲ ግዛት ምክር ቤት ቀርቦ፥ ጕዳዩ ይቈይ በሚለው ሐሳብ ላይ የእንደራሴዎቹ ድምፅ 48 ለ48 ተከፈለ። ከእንደራሴዎቹ ሁሉ በዕድሜ ታናሽ የነበረው የ24 ዓመቱ ሃሪ በርን እስከዚያ ሰዓት ድረስ ከተቃዋሚዎቹ ጋራ ነበር። ነገር ግን ማሻሻያውን እንዲደግፍ የምትመክረው እናቱ የጻፈችለትን ደብዳቤ በኪሱ ይዞ ነበር። በማሻሻያው በራሱ ላይ ድምፅ ሲሰጥ ስሙ በተጠራ ጊዜ «እሺ» ብሎ መለሰ፤ ሕጉም ጸና። በማግስቱም ምክንያቱን ሲያስረዳ፥ ለልጅ የእናቱን ምክር ከመከተል የሚሻል የለም ሲል ተናገረ። ድምፅ ያልነበራት እናት በልጇ አፍ ተናገረች፤ ከዚያ በኋላ ግን እናቶች በራሳቸው አፍ ለመናገር ቻሉ። ይህንም ስንል በደቡብ ይኖሩ የነበሩት ጥቁር ሴቶች እንደ ወንዶቻቸው በልዩ ልዩ ዘዴ ከምርጫ ይከለከሉ እንደ ነበርና፥ ብዙዎቹ እስከ 1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ድረስ እንደ ጠበቁ ሳንዘነጋ ነው።

የሴቶቹ ድምፅ ፍሬ ለማፍራት አልዘገየም። በ1921 ምክር ቤቱ ስለ እናቶችና ስለ ሕፃናት ጤና ገንዘብ የሚመድብ ሕግ አወጣ፤ በዚህም ገንዘብ ነርሶች ወደ ገጠር እየወጡ ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን ያስተምሩ ጀመር። የሐኪሞቹ ታላቅ ማኅበር ግን መንግሥት በማይመለከተው ገባ ብሎ ስለ ተቃወመው፥ በ1929 ሥራው ተቋረጠ።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ ታላቁ የኤኮኖሚ ችግርም ተከተለ። ከ1930 እስከ 1933 ድረስ 9,000 ያህል ባንኮች ተዘጉ፤ ለእርጅናና ለልጅ ትምህርት ተብሎ የተቀመጠው የብዙ ቤተ ሰብ ገንዘብም አብሮ ጠፋ። በ1933 ከአራት ሠራተኞች አንዱ ሥራ አጥቶ ነበር። «ልጅ አባቱን ይጡር» የሚለው ደንብ የፈረሰውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ልጁ ሥራውን፥ አባቱ የቈጠበውን ባንድነት አጥተው ጧሪም ተጧሪም ባንድ ማዕድ ተራቡና። ሥራውም ስላነሰ በ1932 የወጣ አንድ ሕግ፥ ባልና ሚስት ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች ከሆኑና ቅነሳ የሚደረግ ከሆነ አስቀድመው ከሚሰናበቱት መካከል እንዲሆኑ አዘዘ። ከሥራቸው የወጡት አብዛኞቹ ሚስቶች ነበሩ፤ ሕጉም እስከ 1937 ድረስ ቈየ።

ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በማርች 4 ቀን 1933 ሥልጣን በያዙ በሁለተኛው ቀን የሀገሪቱን ባንኮች ሁሉ ለጊዜው ዘጉ። በማርች 12 ቀን ማታ ደግሞ በራዲዮ ተናገሩ። ንግግራቸውም የሊቃውንት ንግግር አልነበረም፤ የቤት አባት ለልጆቹ እንደሚያስረዳ፥ ባንክ የተቀበለውን ገንዘብ ምን እንደሚያደርገው አስረዱ። በማግስቱ ባንኮቹ መከፈት ሲጀምሩ፥ ሕዝቡ አውጥቶት የነበረውን ገንዘብ መልሶ ለማስገባት ተሰለፈ።

ከሚኒስትሮቻቸውም መካከል የሥራ ሚኒስትር የሆኑት ወይዘሮ ፍራንሰስ ፐርኪንስ ነበሩ፤ በአሜሪካ ታሪክ ሴት ሚኒስትር ስትሾም ይህ የመጀመሪያው ነው። እኒህ ወይዘሮ በ1911 በኒው ዮርክ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሲቃጠል በዓይናቸው ተመልክተው ነበር። በሩ ተቈልፎባቸው፥ ከእሳቱም ለማምለጥ ከመስኮት እየዘለሉ፥ በጠቅላላው 146 ሰዎች ሞቱ፤ የሚበዙትም ወጣት ሴቶች ነበሩ። ያ ቀን ከልባቸው ስላልጠፋ፥ በሚኒስትርነታቸው ጊዜ ለሠራተኛው ዋስትና የሚሆን ሕግ እንዲዘጋጅ ደከሙ። ሕጉም በኦገስት 14 ቀን 1935 ተፈረመ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ከ1937 ጀምሮ ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ አንድ ያዋጣል፤ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምራል፤ ሠራተኛው 65 ዓመት ሞልቶት ሥራውን ሲተው በየወሩ ጡረታ ይቀበላል። ሥራ ላጡትና አሳዳጊ ላነሳቸው ልጆችም ርዳታ ተመደበ፤ በ1939 ደግሞ ሚስቶችና ባልቴቶች ተጨመሩ። የመጀመሪያው የወር ጡረታ በጃኑዋሪ 1940 ለአንዲት የቨርሞንት ግዛት ነዋሪ ተከፈለ፤ ልኩም 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል አሜሪካኖች በመዝገብና በቍጥር ሠሩበት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ መልካም ሥራ ውስጥ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ሕጉ ሲወጣ የእርሻ ሠራተኞችና የቤት አገልጋዮች በጡረታው አልታሰቡም ነበር። ከነዚህም ሠራተኞች እጅግ ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። የሰውን ልጅ አዝላ ያሳደገች፥ የሰውን ምድጃ ስታነድ ጕልበቷን የጨረሰች ሴት፥ ጌታዋና እመቤቷ ጡረታ ሲቀበሉ እርስዋ ባዶ እጅዋን ቀረች። ይህ ጕድለት መታረም የጀመረው በ1950 በወጣው ማሻሻያ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስንቷ ተስፋ እያደረገች እንደ ሞተች የሚያስብ ልብ ይገምተው።

እኛም ይህን ታሪክ የጻፍነው የሌላውን ሀገር ሥራ ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ ብቻ አይደለም። ቤተ ሰብ የሀገር መሠረት ነው ሲባል ሁላችንም እንስማማለን። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግን፥ መሠረቱ ራሱ የሚያርፍበት ጽኑ መሬት ያስፈልገዋል የሚለውን ነው። ደግሞም የቤተ ሰቡን ቍጥር ስንቈጥር በሳሎን የተቀመጡትን ብቻ ቈጥረን እንዳናበቃ፥ በማድ ቤት የቆመችውንም እንድናስባት ያስገነዝበናል። አስተዋይ ባለቤት ማታ በሩን ከመዝጋቱ በፊት በውጭ የቀረ ሰው እንዳለ ይጠይቃል፤ ሕግ አውጪም ሕጉን ከማተሙ በፊት እንዲሁ ሊጠይቅ ይገባዋል።