ስለ ራስ ዳርጌ ድልድይ



ባለፈው ከሱሉልታ ተነስተን በጫንጮና በሙከጡሪ አድርገን ደብረ ሊባኖስ በሄድንበት የማኅበራችን ጉዞ ጥሩ ያልሆነ ነገር ታይቷል። እኔም ጥፋቱ ስላለብኝ በስብሰባ ከመነሳቱ በፊት እዚህ ሰሌዳ ላይ መጻፍ መረጥኩ።

ገዳሙን ተሳልመን ድልድዩን ለማየት ሄድን። እዚያ ሁለት ሦስት ልጆቻችን ከድልድዩ ጠርዝ ድንጋይ እየነቀሉ ወደ ገደሉ ይለቁ ጀመር፤ ታች ደርሶ ሲጮህ ለመስማት ነው እንግዲህ! እኛ ትልልቆቹ ቆመን ሳቅን። እኔም ስቄአለሁ። ከብት እየነዱ የመጡ አንድ አባት ናቸው «ልጆች፣ እኔ ነገ በምን ልሻገር?» ያሉን።

ድልድዩን ሁላችንም የፖርቱጋል እንለዋለን፤ አይደለም። ያሠሩት የአፄ ምኒልክ አጎት፣ የሰላሌው ገዥ ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። እሳቸው ያረፉት በ1892 ዓ.ም. ነው። ፖርቱጋሎች በአፄ ፋሲል ጊዜ ከአገር ከወጡ ያን ጊዜ ከ260 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በእነሱ ጊዜ የተሠራው በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ ነው። የሰጎን እንቁላሉን ወሬ ለሚያወሩት ትቼዋለሁ።

የቅስት ድንጋዮች እርስ በርስ ተገፋፍተው ነው የሚቆሙት፤ ብረት የላቸውም። ከላይ አንድ ድንጋይ ሲነሳ የክረምት ውሃ ይገባና ኖራውን ያጥባል፣ ቁጥቋጦም ሥር ይሰድበታል። ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ጊዜ ቅስቱ ተቆርጦ ሕዝቡ ስንት ዓመት በገመድ እየተጎተተ ተሻገረ! ያ እንኳ በጦርነት ነው፤ የእኛ ግን በጨዋታ።

አንድ አባላችን «ሲሚንቶ ይዘን ሄደን እንለስነው» ብለዋል። አሳባቸው ደግ ነው፣ እኔ ግን አልደግፍም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይጠገንም። ሲሚንቶም ከኖራው ይልቅ ስለሚጠነክር እርጥበቱን አፍኖ ድንጋዩን ያስበላል። የሚሻለው ያየነውን ጽፈን ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መስጠት ነው፤ ያደረግነውንም ሳንደብቅ። ደብዳቤውን እኔ አረቅቃለሁ።

ለሚቀጥለው ጉዞ ስም የምታስመዘግቡ ወላጆች ከልጆቻችሁ ጋር ድልድዩ ድረስ አብራችሁ ትሄዳላችሁ። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ የለም።

የማኅበሩ ጸሐፊ