የማደንዘዣ ደቂቃም አማና ነው



በዚህ ዓምድ ስለ አመጋገብ፣ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ብዙ ተብሏል። ዛሬ ግን እዚህ አሜሪካ ከሕመማችን ካገገምን በኋላ በፖስታ ተከትሎን ስለሚመጣ ሌላ ሕመም እናወጋለን። አንዲት እናታችን የሐሞት ከረጢታቸውን በቀዶ ሕክምና አስወጥተው፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከሳምንታት በኋላ ከሆስፒታሉ ሳይሆን ስሙን ሰምተውት ከማያውቁት የማደንዘዣ ሐኪሞች ድርጅት ቢል ደረሳቸው። ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ወረቀቱን እያሳዩን «እኔ ተኝቼ የነበረውን ሰዓት በምን አውቄ ልከራከር?» አሉ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ግማሾቻችን እንዲህ ያለውን ቢል ፈርተን ሳንጠይቅ እንከፍላለን፤ ግማሾቻችን ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ወርውረን እንረሳዋለን። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ስህተት ነው። ያልተገባን ዕዳ መክፈል ሐቅን መጣል ነው፤ የተገባንን አለመክፈል ደግሞ የሰው ሐቅ መብላት ነው። መፍትሔው ስሌቱን ማወቅ ነው።

ስሌቱ እንዴት ነው?

የማደንዘዣ ክፍያ በሁለት ነገሮች ድምር ይሠራል። አንደኛው እንደ ቀዶ ሕክምናው ክብደት አስቀድሞ የተወሰነ የመነሻ ነጥብ ነው። በመሣሪያ ለሚደረግ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና መነሻው 7 ነጥብ ነው። ሁለተኛው የጊዜ ነጥብ ነው፤ በሜዲኬር አሠራር 15 ደቂቃ 1 ነጥብ ይሆናል። የሁለቱ ድምር በአንድ ነጥብ ዋጋ ይባዛል። ሜዲኬር በቅርብ ዓመታት ለአንድ ነጥብ የሚከፍለው ከ20 እስከ 22 ዶላር ገደማ ሲሆን የግል ኢንሹራንሶች ዋጋ ግን ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ሆስፒታል ስንደርስ አይደለም። የማደንዘዣ ባለሙያው በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ወይም በተመሳሳይ ቦታ እኛን ለማደንዘዝ ማዘጋጀት ሲጀምር ነው። ከዚያ በፊት ስለ ጤናችን የሚጠይቀንና የሚመረምረን ጊዜ በመነሻ ነጥቡ ውስጥ ተካቷል። ሰዓቱ የሚያበቃው ደግሞ ባለሙያው ለማገገሚያ ክፍሉ ነርስ በሰላም አስረክቦን ክትትሉን ሲያቆም ነው። በማገገሚያ ክፍል የምንተኛበት ጊዜ አይቆጠርም።

በምሳሌ እንየው። ማደንዘዣው በ7፡42 ተጀምሮ በ9፡27 ቢያበቃ 105 ደቂቃ ነው፤ ይህም 7 የጊዜ ነጥብ ይሆናል። ከመነሻው 7 ጋር 14 ነጥብ ነው። የአንዱ ነጥብ ዋጋ 80 ዶላር ቢሆን 1,120 ዶላር ይመጣል። በስህተት 45 የማገገሚያ ደቂቃ ቢጨመርበት ግን ነጥቡ 17፣ ሒሳቡ 1,360 ዶላር ይሆናል። የ240 ዶላር ልዩነት ለአንድ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ ነው።

አንድ ነገር እናስተውል። ለአንድ ቀዶ ሕክምና በሐኪምና በማደንዘዣ ነርስ ስም ሁለት ቢል ቢመጣ ወዲያው «ሌብነት ነው» አንበል። ሐኪሙ ነርሱን በቅርብ ሲመራ ሜዲኬር ክፍያውን ለሁለቱ እኩል ይከፍለዋል። የእያንዳንዳቸው ሙሉ ዋጋ ሲጠየቅ ግን መጠየቅ መብታችን ነው።

ማሳነስም በደል ነው

ሚዛን በአንድ ወገን ብቻ አይጣመምም። በኅዳር 2024 አንተም የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ በኮነቲከት፣ በኒውዮርክና በሚዙሪ የሚከፍልበትን የማደንዘዣ ጊዜ እንደሚገድብ አስታውቆ ነበር። ሐኪሞችና ሕዝብ ተቃውመውት በታኅሣሥ 2024 መጀመሪያ ሐሳቡን ሰረዘ። መሰረዙ ትክክል ነበር እላለሁ። ደም ቢፈስ፣ የቆየ ጠባሳ ቀዶ ሕክምናውን ቢያስቸግር፣ ባለሙያው ከራስጌያችን ሊነሳ አይችልም። በሽተኛው ሕይወቱን አደራ የሰጠው ለዚህ ሰው ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው ጊዜው እንዲያጥር ሳይሆን በእውነት እንዲመዘገብ ነው።

ምን እናድርግ?

1ኛ. ዝርዝር ቢል እንጠይቅ፤ የመነሻ ነጥቡን፣ የደቂቃውን ብዛትና የአንዱን ነጥብ ዋጋ ይዞ ይምጣ።

2ኛ. የማደንዘዣ መዝገባችንን ቅጂ እንጠይቅ። በሕግ መብታችን ነው፤ በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጠን ይገባል። መጀመሪያና መጨረሻው ከቢሉ ጋር ይመሳከር። ለእናታችን ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ እርሳቸው ቢተኙም መዝገቡ አልተኛም።

3ኛ. የግል ኢንሹራንስ ያለን ሰዎች፣ ሆስፒታሉ በኢንሹራንሳችን መረብ ውስጥ ሆኖ የማደንዘዣ ሐኪሙ ከመረቡ ውጭ ቢሆን እንኳ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ሕግ ከመረብ ውስጥ ድርሻችን በላይ እንዳንጠየቅ ይከላከልልናል። ይህን መብት ለማደንዘዣ አገልግሎት እንድንተው ማስፈረምም አይፈቀድም።

4ኛ. ኢንሹራንስ የሌለን ደግሞ ለታቀደ ቀዶ ሕክምና አስቀድሞ የጽሑፍ ግምት እንጠይቅ። የአንዱ አገልግሎት ሰጪ ቢል ከሰጠው ግምት በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ቢበልጥ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ይቻላል።

5ኛ. ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች የገንዘብ እርዳታ ደንብ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። የማደንዘዣ ድርጅቱ በዚያ ደንብ መካተቱን እንጠይቅ። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ወላጆቻችንም ሆስፒታሉ ነጻ አስተርጓሚ ያቅርብ፤ ልጅ አስተርጓሚ አይሁን።

ወንድሞችና እህቶች! በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ (አል-በቀራህ 282) ዕዳ በጽሑፍ እንዲሰፍር የሚያዝ ነው፤ ሱረቱል ሙጠፊፊንም በመስፈሪያ የሚያጭበረብሩትን በጽኑ ያስጠነቅቃል። ደቂቃም የሚሰፈር ነገር ነው። ሐኪሙ በእውነት ይመዝግብ፣ ኢንሹራንሱ በእውነት ይክፈል፣ እኛም አንብበንና አመሳክረን ድርሻችንን እንወጣ።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይፈውስልን፣ ከዕዳ ጭንቀትም ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ።