የዳማ ከሴ ሙከራና የአያቶቻችን ጥያቄ

በቅርቡ በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። ነገሩ የተጀመረው ራሱን የታመመ ጓደኛችን ከአጥሩ ሥር ዳማ ከሴ ቀጥፎ፥ በመዳፉ አሽቶ ጭማቂውን በአፍንጫው ሲስብ ነው። ፋርማሲ የሚያጠናው ጓደኛችን «በአይጥ ተሞክሯልና አይፈረድብህም» አለው። ሌላው «አያቴ ከአይጥ በፊት ታውቀው ነበር» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ሆንሁ «አንተ ምን አገባህ!» ተባልሁ። ያን ሌሊት ያልተናገርሁትን እነሆ ዛሬ እጽፈዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ሙከራው ጠይቄ የተረዳሁትን ልንገራችሁ። ቅጠሉ ደርቆ ይፈጫል፤ በውሃ ወይም በአልኮል ተዘፍዝፎ ይጣራል፤ ከዚያ የተገኘው በአይጧ ክብደት ልክ ተመጥኖ በአፏ ይሰጣታል። ቀጥሎም 55 ዲግሪ ያህል በሞቀ ሰሌዳ ላይ ትቆማለች፤ እግሯን እስክትልስ ወይም እስክትዘል ድረስ ያለው ጊዜ በሴኮንድ ይቈጠራል። ሕመሙ ባይሰማት እንኳ ሳትቃጠል እንድትነሣ የጊዜ ገደብ ተወስኖላታል። በሌላው ዓይነት ሙከራ ደግሞ ቀጭን የሆምጣጤ አሲድ በሆዷ ተወግታ ስንት ጊዜ ሰውነቷን እንደምታጣምም ይቈጠራል። አንዱ ቡድን ምንም መድኃኒት የሌለበት ውሃ፥ ሌላው አስፕሪን ወይም ሞርፊን ይወስዳል። ቈጣሪው የትኛዋ አይጥ ምን እንደ ወሰደች ባያውቅ ይመረጣል፤ ሰው የሚመኘውን ማየት ይወዳልና።

ይህን የምጽፈው ለመሳለቅ አይደለም። ራስ ምታት ብዙ ጊዜ ሳይታከም ይለቃል፤ በሦስተኛው ቀን ሊለቅ የነበረውን ሕመም በሁለተኛው ቀን የጠጣነው አዳነው እያልን እንኖራለን። ስለዚህ «መመርመር አባቶችን መናቅ ነው» ከሚሉት ጋር አልስማማም። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1763 ኤድዋርድ ስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ የአኻያ ቅርፊት አድርቆና ፈጭቶ ለሃምሳ ያህል ትኩሳት ለያዛቸው ሰዎች ሰጥቶ ያየውን ጽፏል። የአስፕሪን ታሪክ ሲነገር የዚህ ቄስ ስም አይቀርም። አኻያ በእኛም ወንዝ ዳር ይበቅላል። ስለ ዳማ ከሴም ቢሆን የአገራችን ተመራማሪዎች በ2003 በውሃና በአልኮል የወጣው ጭማቂ የአይጥን ትኩሳት እንደሚያበርድ አሳትመዋል።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። አያቴ ዳማ ከሴን «ሕመም ማስታገሻ» ብላው አታውቅም፤ የምች መድኃኒት ነው የምትለው። ከምድጃ ዳር ተነሥታ ወይም ምግብ በልታ ፀሓይ ላይ የወጣች ሴት «ምች መታኝ» ትላለች፤ ራሷ ይፈልጣል፥ ሰውነቷ ይግላል፥ ከንፈሯ ላይ ቁስል ይወጣል። አይጧን ምች አልመታትም፤ የመታት የሞቀ ሰሌዳ ነው! ደግሞም አያቴ ደረቅ ቅጠል አትነካም። እርጥቡን አሽታ ታሸትታለች፥ ጥቂቱን በቡና ታጠጣለች፥ የቀረውን ገላ ላይ ቀብታ በሽተኛውን ጋቢ አልብሳ ታስተኛዋለች። እንግዲህ ቤተ ሙከራው «ይሠራል» ቢልም «አይሠራም» ቢልም፥ የመለሰው አያቴ ያልጠየቀችውን ጥያቄ ነው። «ምች» የሚለውን ቃል በአንድ የፈረንጅ ቃል ተክቶ ወደ አይጧ መሄድ የትርጉም ስሕተት ነው፤ የትርጉም ስሕተት ደግሞ የእኛ ፋኩልቲ ጉዳይ ነው።

የባለቤቱም ነገር አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዐድዋ ላይ ስለ እንዶድ የደረሰበት ግኝት የተጀመረው ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየቱ ነው። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ ያወቁት እነዚያ አጣቢዎች ናቸው፤ ስማቸውን ግን ማን ያውቃል? በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ማኅበረሰቡ ከዕውቀቱ ከሚገኘው ጥቅም እንዲካፈል ይደነግጋል። የመመረቂያ ጽሑፎቻችንን ብትገልጡ ግን ምስጋናው ለአማካሪው፥ ለወላጆችና አንዳንዴም ለፍቅረኛ ነው፤ ቅጠሉን ያሳዩት እማማ «የአካባቢው ነዋሪ» ተብለው ይታለፋሉ። ባለመድኃኒቶቻችን «ከተነገረ ኃይሉን ያጣል» እያሉ ቢደብቁን ልንፈርድባቸው ነውን?

ስለዚህ በመጪው ክረምት ከፋርማሲ አንድ፥ ከእኛ አንድ ሆነው ሁለት ሁለት ተማሪዎች ወደየአገራቸው ቢሄዱ እላለሁ። ስንት ቅጠል? መቼ ይቀጠፋል? ለማንስ አይሰጥም? ብለው በባለቤቶቹ አነጋገር ይመዝግቡ። አንድ ስም በየቦታው ለተለያየ ተክል ሊሰጥ ስለሚችል፥ ቅርንጫፉን ተጭነው አድርቀው ለብሔራዊ ሄርባሪየም ያምጡ። አይጧ ከዚያ በኋላ ትድረስ።

የጓደኛችን ራስ ምታት በማግስቱ ለቀቀው። በዚያው ሌሊት ሁለት አስፕሪን ውጦ እንደ ነበር የነገረን ግን ከሦስት ቀን በኋላ ነው።