«ስም አልሰበሰብንም» በቂ አይደለም፦ በቪዲዮ ጨዋታ የወጪ ጥበቃ ጥናቶች ውስጥ የተሳታፊዎች የግል መረጃ አያያዝ

የቪዲዮ ጨዋታ ተጫዋቾችን ከመጠን ካለፈ ወጪ ለመጠበቅ የሚወጡ ሕጎችና መመሪያዎች በተግባር ይሠሩ እንደሆነ የሚመረምር አጥኚ፣ ሰዎች ከትዳር አጋራቸው እንኳ የሚሸሽጉትን መረጃ ለመጠየቅ ይገደዳል። ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ጨዋታ፣ ስንት ገንዘብ እንዳወጣ ሳያውቅ የወጪ ገደቡ ሠርቷል ወይም አልሠራም ሊል አይችልም። ይህን ባወቀ ጊዜ ደግሞ የአንድን ሰው እንቅልፍ ያጣባቸውን ሌሊቶች፣ የደመወዙን ቀንና አንዳንዴም ለማንም ያልተነገረ ዕዳውን በኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጧል ማለት ነው።

የመስኩ ዋነኛ መነሻ ሉት ቦክስ የሚባለው ነው፤ ይኸውም ተጫዋቹ በገንዘቡ ገዝቶ እስኪከፍተው ድረስ ውስጡ ምን እንዳለ የማያውቀው የዕድል ሣጥን ነው። የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 በገንዘብ የሚገዛ ሉት ቦክስ በአገሪቱ ሕግ መሠረት ቁማር ነው ሲል ደመደመ። የኔዘርላንድስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በተመሳሳይ መንገድ ቢጓዝም፣ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ2022 በአንድ የታወቀ የእግር ኳስ ጨዋታ አምራች ላይ የተጣለውን ቅጣት ሰረዘ። ብሪታንያ የቁማር ሕጓን ከማሻሻል ይልቅ ኢንዱስትሪው ራሱን እንዲቆጣጠር መረጠች፤ የኢንዱስትሪው ማኅበርም በ2023 አሥራ አንድ መርሆዎችን አወጣ። ቻይና ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 16 ዓመት የሆኑ ልጆች በአንድ ግዢ ከ50 ዩዋን፣ በወር ከ200 ዩዋን በላይ እንዳይከፍሉ ገድባለች። ከእነዚህ መንገዶች የትኛው ተጫዋቹን በእርግጥ ይጠብቃል የሚለው ጥያቄ ግን በሕግ አንቀጽ የሚመለስ አይደለም፤ ማስረጃ ይፈልጋል።

ማስረጃ ሁሉ የግል መረጃ እንደማይፈልግ አስቀድሞ ማስታወስ ተገቢ ነው። ከቤልጂየም ውሳኔ በኋላ የተካሄደ አንድ ጥናት በአገሪቱ ከፍተኛ ገቢ ከሚያስገኙ 100 የአይፎን ጨዋታዎች ውስጥ 82ቱ አሁንም ሉት ቦክስ እንደሚሸጡ አሳይቷል። አጥኚው የመረመረው ጨዋታዎቹን ነው፤ ከአንድም ተጫዋች አንድም መረጃ አልወሰደም። ሆኖም ግኝቱ ክልከላው በወረቀት ላይ መቅረቱን ለማሳየት በቂ ነበር። «ለዚህ ጥያቄ ተሳታፊ ያስፈልጋልን?» የሚለው መስመር በጥናት ንድፈ ሐሳቦች ውስጥ እምብዛም አይታይም፤ መቅደም የነበረበት ግን እርሱ ነው።

ተሳታፊ የግድ በሚሆንበት ጊዜ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ዘዴ መጠይቅ ነው። በ2018 የታተመው ከ7,000 በላይ ተጫዋቾችን ያካተተው የታወቀ ጥናት ለሉት ቦክስ በሚወጣ ገንዘብና በቁማር ችግር ክብደት መካከል ዝምድና እንዳለ ሲያሳይ፣ የወጪውን መጠን ያገኘው ተጫዋቾቹ ራሳቸው ከተናገሩት ነው። ሰው ግን ወጪውን በትክክል አያስታውስም፤ የሚያሳፍረውን ወጪ ደግሞ ይበልጥ ይረሳል። ስለዚህ ጥናቱ ወደ እውነተኛው የግብይት መዝገብ ማዘንበሉ ከሳይንስ አንጻር ትክክል ነው። አደጋውም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም መዝገቡ ብቻውን አይቀመጥም። ከጎኑ ከዘጠኝ ጥያቄዎች የሚገኘው የቁማር ችግር መለኪያ ውጤት ይሰፍራል። ያን ጊዜ በአንድ ረድፍ ላይ የሰውየው የገንዘብ ታሪክና የጤና ሁኔታ አብረው ተቀምጠዋል።

በዚህ ደረጃ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ስም አልሰበሰብንም» የሚል ነው። ይህ መልስ እንደማያዋጣ የሚያሳየው ማስረጃ ከቪዲዮ ጨዋታ መስክ ውጭ የመጣ ቢሆንም ለመስኩ የተጻፈ ያህል ይስማማዋል። በ2015 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የ1.1 ሚሊዮን ሰዎችን የሦስት ወር የክሬዲት ካርድ መዝገብ መረመረ። ስም፣ አድራሻና የካርድ ቁጥር ከመዝገቡ ወጥተው ነበር። ሆኖም አንድ ሰው በየትኛው ቀን በየትኛው መደብር እንደገዛ የሚያሳዩ አራት ነጥቦችን ብቻ ማወቅ ከመቶው ዘጠናውን ሰው ነጥሎ ለማውጣት በቂ ሆኖ ተገኘ። የግዢውን ዋጋ በግምት ማወቅ ሲጨመር አደጋው በአማካይ በ22 በመቶ ከፍ አለ።

አሁን መደብሩን በጨዋታ እንተካው ቢባል ነገሩ ይከፋል እንጂ አይሻልም። በጨዋታ ውስጥ የሚደረግ ግዢ ለሌሎች የሚታይ ነው፤ አዲስ ልብስ ወይም መሣሪያ ለገጸ ባሕሪው የገዛ ተጫዋች በዚያው ምሽት በጓደኞቹ ፊት ይዞት ይወጣል። ጨዋታውን በቀጥታ ሥርጭት የሚያሳይ ደግሞ ሣጥኑን ሲከፍት በሺዎች ይታያል። ስለዚህ አራቱን ነጥቦች ለማግኘት የረቀቀ ጠላፊ አያስፈልግም። አብሮ የሚጫወት የክፍል ጓደኛ ይበቃል። ያ ጓደኛ በይፋ የተለቀቀውን የጥናት ፋይል ከፍቶ ሦስት አራት ቀኖችን ካመሳከረ ረድፉን ያገኘዋል፤ ቀጥሎም ወዳጁ በቁማር ችግር መለኪያው ስንት እንዳገኘ ያነባል። የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብ ስሙ በመለያ ቁጥር የተተካ፣ ነገር ግን ከሌላ መረጃ ጋር ተዛምዶ ባለቤቱ ሊታወቅ የሚችል መዝገብ አሁንም የግል መረጃ ነው የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ችግሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። ከመጠን በላይ የሚያወጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ጥቂት ስለሆኑም ከሁሉ ይበልጥ የሚለዩት እነርሱ ናቸው። በወር አምስት ዶላር የሚያወጣው ተሳታፊ በብዙዎች መካከል ይሰወራል፤ ሦስት ሺህ የሚያወጣው ግን በሠንጠረዡ ውስጥ ብቻውን ይቆማል። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ለዚህ ያላቸው መድኃኒት የታወቀ ነው፦ ከተወሰነ መጠን በላይ ያለውን ሁሉ «ከዚህ በላይ» ብሎ መጠቅለል ወይም ረድፉን ማስወጣት። በብዙ መስኮች ይህ ጉዳቱ ትንሽ ነው። በዚህ መስክ ግን ጥበቃው የታሰበላቸውን ሰዎች ከጥናቱ መሰረዝ ይሆናል። የወጪ ገደብ ሦስት ሺህ የሚያወጣውን ወደ አምስት መቶ አውርዶት እንደሆነ የሚጠይቅ ጥናት «ከሁለት መቶ በላይ» በሚል ዓምድ ምንም ሊያይ አይችልም።

ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣው መንገድ ፋይሉን ለሁለት መክፈል ነው። ለሁሉም ክፍት የሚሆነው ፋይል ቀንና ሰዓት የሌለው፣ በወር የተደመረ፣ የላይኛው ጫፍ የተጠቀለለ ይሁን። ዝርዝሩ ደግሞ ከተቋሙ በማይወጣ የተጠበቀ ሥፍራ ይቀመጥ፤ ሊመረምረው የሚፈልግ ሌላ ተመራማሪ ወደዚያ ሄዶ ይሥራ፤ ይዞት የሚወጣውም የተፈተሸ ውጤት ብቻ ይሁን። ይህ የክፍት ሳይንስን እንቅስቃሴ የሚያጠናክሩትን ሰዎች እንደማያስደስት ግልጽ ነው። ቅሬታቸውም ከንቱ አይደለም፤ ማንም ደግሞ ያላረጋገጠው ግኝት ለሕግ አውጪ መቅረብ የለበትም። ነገር ግን ክፍትነት የሚከፈለው ከተመራማሪው ኪስ እስከሆነ ድረስ ነው የሚደነቀው። እዚህ ላይ ዋጋውን የሚከፍለው ተሳታፊው ነው። ተመራማሪው ማድረግ ያለበት የትኛው ውጤት ከይፋዊው ፋይል ደግሞ ሊሰላ እንደማይችል በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ መናገር ነው።

መረጃን መቀነስ ያለ ኪሳራ የሚገኝ እንዳልሆነም መካድ አይገባም። በ2023 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት የቻይና የጨዋታ ሰዓት ገደብ ከባድ ተጫዋችነትን ስለመቀነሱ ማስረጃ ማጣቱን ገልጿል፤ የተመረመረው ከ7 ቢሊዮን ሰዓት በላይ ጨዋታ ነው። መዝገቡ ግን የተጫዋቾቹን ዕድሜ አይናገርም ነበር። በመሆኑም ገደቡ በቀጥታ የተነጣጠረባቸውን ልጆች ከአዋቂዎቹ ለይቶ ማየት አልተቻለም። የተጫዋቾቹ ማንነት ተጠብቋል፤ ዋናው ጥያቄ ግን በከፊል ሳይመለስ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ልውውጥ አስቀድሞ አስልቶ መወሰን የተመራማሪው ሥራ ነው።

መዝገቡ ከየት ይምጣ የሚለውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ኩባንያዎቹ ሲሰጡ የሚሰጡትን የሚመርጡት እነርሱ ናቸው። ሌላው አማራጭ ተጫዋቹ ራሱ በአውሮፓው ደንብ አንቀጽ 15 መሠረት የራሱን መረጃ ቅጂ ከኩባንያው ጠይቆ ለጥናቱ እንዲለግስ ማድረግ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ውሳኔውን ለባለቤቱ ይመልሳል። ሆኖም ከኩባንያው የሚመጣው ፋይል ከወጪ ዝርዝር እጅግ የሰፋ ሊሆን ይችላል። የጓደኞች ዝርዝር፣ የመሣሪያ መለያ፣ የግንኙነት አድራሻ፣ አንዳንዴም የተላላኩት መልእክት ይገኝበታል። እነዚያ ጓደኞች በጥናቱ ለመሳተፍ አልፈቀዱም። ፋይሉን በሙሉ ተቀብሎ «የማንፈልገውን እንሰርዛለን» ማለት ደግሞ ካዩ በኋላ ዓይንን እንደ መጨፈን ነው። በኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የተሠራው ፖርት የተባለው መሣሪያ ማጣሪያውን በተሳታፊው የራሱ ኮምፒውተር ላይ ያካሂዳል፤ ተሳታፊው የቀረውን አይቶ ሲፈቅድ ብቻ መረጃው ይላካል። ማጣራቱ ከመላኩ በፊት መሆኑ ሁሉንም ነገር ይለውጣል።

ከሁሉ የሚከብደው የልጆች ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በታኅሣሥ ወር 2022 ከፎርትናይት አምራች ከኤፒክ ጌምስ ጋር በደረሰበት ስምምነት ኩባንያው 245 ሚሊዮን ዶላር ለተጠቃሚዎች እንዲመልስ ተደርጓል፤ ከክሱ ነጥቦች አንዱ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ በአዝራር ብቻ እንዲገዙ መንገዱ ክፍት ነበር የሚል ነው። ካርዱ የአባት፣ ግዢው የልጅ ነው። የማን መረጃ ነው ሊባል ነው? የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ልክ ናቸው። ግን የ14 ዓመት ልጅ ወጪውን የደበቀው ከዚያው ከፈቀደው አባት ከሆነ፣ ጥናቱ ሳያስበው ጠቋሚ ይሆናል። ለወላጅ ምን እንደሚነገርና ምን እንደማይነገር፣ ከባድ አደጋ ሲታይም ምን እንደሚደረግ፣ ወላጅና ልጅ አንድ ላይ ተቀምጠው ከመፈረማቸው በፊት በቀላል ቋንቋ ሊነገራቸው ይገባል። በኋላ የሚሰጥ ማብራሪያ ለልጁ ክህደት ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ጥያቄ በጽሑፎች ውስጥ ሲሸሽ ይታያል። ተመራማሪው በመዝገቡ ውስጥ አንድ ሰው በአንድ ሌሊት የወር ደመወዝ የሚያህል ገንዘብ ማጥፋቱን ቢያይ ምን ያድርግ? ማንነቱን ፈጽሞ ከሰወረ ሊረዳው አይችልም፤ ካልሰወረ ደግሞ የሰጠውን ቃል አፍርሷል። መፍትሔው ምርጫውን ለተሳታፊው መተው ይመስላል። በመጀመሪያው ቀን «አሳሳቢ ነገር ከታየ እንዲደወልልዎ ይፈልጋሉን?» ብሎ መጠየቅ፣ አዎ ያሉትን ስልክ ከመዝገቡ ተለይቶ በሌላ ሰው እጅ ማስቀመጥ፣ ለሁሉም ግን የድጋፍ አድራሻ መስጠት።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሩቅ አገር ወግ ሊመስል ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግን ከወጣ ወዲህ የተማሪ የመመረቂያ ጥናት «ትንሽ ሥራ ነው» ተብሎ የሚታለፍበት ምክንያት የለም። ነገ አንድ ተማሪ ወጣቶች በስልክ ጨዋታ ላይ የሚያወጡትን ገንዘብ ሊያጠና ቢነሣ፣ ቀላሉ መንገድ ተሳታፊዎች የቴሌብር መልእክታቸውን ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም እንዲልኩለት መጠየቅ ነው። በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ስም፣ የገንዘቡ መጠን፣ ሰዓቱና የግብይት ቁጥሩ ይታያል፤ ቁጥሩ ራሱ ወደ ደረሰኙ የሚመራ ቁልፍ ነው። የተላከው ምስልም በላኪው ስልክ፣ በተማሪው ስልክና በመተግበሪያው ሰርቨር ላይ ይቀራል። ከዚያ ይልቅ ተሳታፊው መልእክቶቹን በራሱ እጅ እያየ የወሩን ድምር ብቻ በቅጹ ላይ እንዲሞላ ቢደረግ፣ ስሕተት ሊኖረው ቢችልም ለአብዛኞቹ የማስተርስ ጥያቄዎች ይበቃል። አማካሪዎችም የንድፈ ሐሳቡን ዘዴ ክፍል ሲያርሙ ከናሙናው መጠን ቀጥለው ፋይሉ በማን ላፕቶፕ ላይ እንደሚቀመጥና ከመከላከያው ቀን በኋላ በስንተኛው ወር እንደሚጠፋ ቢጠይቁ ጊዜ አይወስድባቸውም።